የተራራዋ ፍየል ስትከተለን

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ጀርባህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ ጫማህን ማሰር ያቅትሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ቀኑን ሙሉ ቆማ መዋሏ እግሯን እንዴት አደረጋት? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት አንተን አልፎሃል ይባላል፤ እውነት ነው? ትንሿስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እዚያ ያለው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል ትለን ነበርና ከብርዱም ከክፉውም ይሰውራችሁ። እኛ በአካል ሁላችንም አለን። እማዬ ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ደህና ነው። ባለቤቴ ደህና ነው፤ ልጄም ደህና ናት፤ ያለፈው ዓመት ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ስለ እሳቸው ነው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው?» እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩ እንደ ልብ የሚሰማው ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ አባባ ይቀመጣሉ። በእሳቸው ፊት ምን እላለሁ? በደወልክ ቁጥር «ሁሉ ሰላም ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለም» እያልኩ ስሸኝህ ከረምኩ። ባለፈው «ድምፅሽ ተዘግቷል፤ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ስትለኝ «አዎ» አልኩህ። ጉንፋን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አባባ የሠሩበት የተራራው የጥበቃ ኬላ የተዘጋ ጊዜ ነው። አባባ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌሎች ጠባቂዎች ሲመጡ ሲሄዱ ቆይተው ነበር፤ አንዱም ግን ተራራውን እንደ እሳቸው አልለመደውም። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡና የኬላውን በርና ቆርቆሮ ነቅለው መኪና ላይ ጫኑ። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ወርደው «ምን እየሆነ ነው?» ብለው ጠየቁ። አንደኛው፣ ትሁት ሰው ነው መቼም፣ ኮፍያውን አውልቆ «አባቴ፣ ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ነው። የተራራ ፍየሎቹ አልቀዋል» አላቸው።

አባባ ያን ዕለት እየሳቁ ነው የገቡት። «ከመኪና መንገድ ላይ ሆነው ሽቅብ አይተው አለቁ ይላሉ! ፍየሎቹ ድርቁ ሲበረታ ወደ ጀርባው ተሻግረዋል፤ እኔ እነሱን አላውቃቸውም?» እያሉ እራታቸውን በሉ። በማግስቱም ያንኑ ደገሙት፤ በሳልስቱም። ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋና ንግግሩ ብቻውን ቀረ። እማዬን ታውቃታለህ፣ «ይኼ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሁለት ሚስት ነው ያገባው፤ እኔንና ተራራውን። ሁልጊዜም ታናሿ እኔ ነኝ» ትል የነበረችው። አሁን ግን ስፌቷን አስቀምጣ እንዲህ አለችን፦ «ሁላችንም እንሂድና አብረን እንየው። ካሉም አይቶ ይረፍ፤ ከሌሉም አይቶ ይረፍ። እኔ በስተርጅና ለግድግዳ የሚነገር ወሬ መስማት ሰለቸኝ።»

አባባ ይህን ሲሰሙ አሮጌ ጫማቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ቀለም መቀባት ጀመሩ። ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት።

ባለቤቴ አሁን የውሃ ቦቴ እንደሚነዳ ነግሬሃለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከተራራው ግርጌ፣ ከኬላው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ የከተማው ሰው በሙሉ ከዚያ ነው የሚጠጣው። የቧንቧው ነገር እንደምታውቀው ነው፤ ሲከፍቱት ያስነጥሳል እንጂ አይፈስም። ስለዚህ የእሱ ቦቴ ሰፈር ሲገባ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ እንደ ሙሽራ ነው የሚቀበለው። አባባም «ሾፌሩ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ይወዱታል። እሱም እሳቸውን ለማሳቅ የማይለው ነገር የለም፤ አፉ አያርፍም። በዕረፍት ቀኑ ባዶውን ቦቴ ይዞ ሁላችንንም ጋቢና ውስጥ አጣቦ ኬላው ድረስ ወሰደን። እማዬ ጭኔ ላይ፣ ልጄ እማዬ ጭን ላይ፤ አባባ ብቻ እንደ ባለሥልጣን ተዝናንተው በመስኮቱ በኩል።

መንገዱን መቼም አትረሳውም። ከኬላው ኋላ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ይነሳና በግራሮቹ መሃል አልፎ ወደ ቀዩ ቋጥኝ ይወጣል። ልጆች ሆነን አባባ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ፣ እኔና አንተ መሃል ሆነን ስንሄድ እሾኹን ከእግሬ የምታወጣልኝ አንተ ነበርክ። አሁን ከፊት ባለቤቴ ነበር፣ አባባ ቀጥለው፣ ከዚያ ልጄ፣ ከኋላ እኔና እማዬ። አባባ በየመታጠፊያው ይቆማሉ፤ ደክሟቸው ነው እንዳንል ሁልጊዜ የሚያሳዩን ነገር ያገኛሉ። የቆቅ ዱካ አሳዩን። ቀበሮ ሌሊት የቆፈረችውን ጉድጓድ አሳዩን። አንድ ራሱ ሰማያዊ የሆነ እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ደረቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ባለቤቴ «ይኼ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ይሠራል፤ ከእኔ ይሻላል» ብሎ እሱም መሬት ላይ ተዘርግቶ አስመስሎ ሠራ። ልጄ በሳቅ ሞተች። ልጄን ቤት ውስጥ «ጥያቄ» ነው የምንላት፤ ስሟን ብትጠራት ላትሰማህ ትችላለች፣ «ጥያቄ!» ካልካት ግን ዞር ትላለች። ያን ዕለት አባባን እንሽላሊቱ ለምን ራሱ ብቻ ሰማያዊ እንደሆነ፣ ማታ የት እንደሚተኛ፣ ሚስት እንዳለው፣ ሁሉንም ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንዱንም ሳይዘሉ መለሱላት።

ከግራሮቹ ካለፍን በኋላ አንዲት እፉኝት፣ መልኳ አሸዋውን የመሰለ፣ መንገዱን ልታቋርጥ ብቅ አለች። አባባ ዱላቸውን አግድም ይዘው አስቆሙን። «ቆመን እንሸኛታለን። መንገዱ የእሷ ነው» አሉ። ተደራርበን ቆምን። እሷም ሳትጣደፍ፣ እንደ ባለርስት እየተንሸራተተች አለፈች። እማዬ በጆሮዬ «ለእባብ ይህን ያህል ክብር! ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ብድግ ብሎ አያውቅም» አለችኝ። ቀዩ ቋጥኝ ጋ ስንደርስ ሽኮኮዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ነበርና አንዱ አፏጨ፤ ሁሉም በየስንጥቁ ገቡ። አባባ ለልጄ «አየሽ? አንዱ ጠባቂ ነው፤ ሌሎቹ ሲበሉ እሱ ይጠብቃል» አሏት። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው «የእነሱ ኬላ አልተዘጋም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ፣ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት እንደዚያ ተስቆ አያውቅም።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ውሃ የለም።

አንተ የምታውቀው ምንጭ፣ አፋችንን ደቅነን የምንጠጣበት፣ እንቁራሪቱ የሚጮህበት፣ ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ የነበረው፤ ጠፍቷል። የቀረው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው። አባባ እየተመረኮዙ ወረዱና ከጭቃው ዳር የፍየሎቹን በጠጥ ለቅመው በጣታቸው መሃል ፈተጉት። ዱቄት ሆኖ ተበተነ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። የድሮ መሆኑ ለእኔ እንኳ ገባኝ።

ጥያቄ እሷ ናትና «አባባ፣ ውሃው የት ሄደ?» አለች።

አባባ «ወደ ታች ወርዷል» አሏት በለሰለሰ ድምፅ።

«ወደ ታች የት?»

«ወደ መሬት ውስጥ።»

ትንሽ አሰበችና ወደ አባቷ ዞራ «አባዬ፣ አንተ በቦቴ የምትጭነው ነው?» አለችው።

ባለቤቴ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ያ አፉ የማያርፈው ሰው! ፊቱ ጠቆረ፤ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። እማዬ ልጅቱን እጇን ይዛ «ነይ፣ ስንቁን እንፍታ» ብላ ወሰደቻት። አባባ ግን አማቻቸውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በኋላ ሲነሱ ትከሻውን ተደግፈው ተነሱ፤ ሆነ ብለው ይመስለኛል፤ ዱላቸው አጠገባቸው ነበር።

«እዚህ ይብቃን፣ እንመለስ» አልኩ። እማዬም አብራኝ አለች። አባባ «እስከ ደረጃው» አሉ። ደረጃው የሚሉት ከምንጩ በላይ ያለውን ሰፊ የድንጋይ እርከን ነው፤ አውራዎቹ ቀንዳቸውን ሲያጋጩ አንተን ወስደው ያሳዩህ ቦታ። ባለቤቴ ከኋላ እየደገፋቸው ወጡ። እኔ ወደ ላይ ማየት ትቼ የእሳቸውን እግር ብቻ ነበር የማየው።

መጀመሪያ ያየቻት ልጄ ናት። «ያቻት! ያቻት!» ብላ ጮኸች።

እውነትም አለች። ከእርከኑ ጫፍ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ አንዲት እንስት የተራራ ፍየል ቆማ ታየናለች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ፀጉሯ በየቦታው ተላልጧል፤ ግን ዘሯ ያው ነው፣ ልጆች ሆነን የምናውቀው። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንባዋ ወረደ። ተራራውን እንደ ጣውንት ስትረግም የኖረችው እማዬ! እኔም «አባባ፣ አሉ! አላሉም ነበር? ይኸው አሉ!» እያልኩ ክንዳቸውን ወዘወዝኩት።

እሳቸው ደስ አላላቸውም። ባለቤቴን «የአንተ ዓይን ይሻላል፤ ከኋላዋ ያለ አለ?» አሉት።

«የለም፣ አባባ።»

«ግልገል?»

«የለም።»

«ከላይ፣ ቋጥኙ ጥግ፣ አውራ?»

«ምንም የለም።»

«ደግመህ እይ።»

ደግሞ አየ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተራራውን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ፤ ቢያገኝ ደስታው ነበር። «ብቻዋን ናት» አለ በመጨረሻ። አባባ ባሉበት ተቀመጡ። «አሉ አትበይ» አሉኝ። «አለች በይ።»

እነዚህ እንስሶች መቼም ብቻቸውን አይውሉም። አንዷ ብቻዋን ቆማ ከታየች ሌሎቹ የሉም ማለት ነው፤ ለእሷም ከእንግዲህ የሚወለድላት የለም። ባናገኝ ኖሮ አባባ «ወደ ጀርባው ተሻግረዋል» እያሉ ይኖሩ ነበር። ማግኘታችን ነው ነገሩን የጨረሰው። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ሞኝ ሆኜ ስደሰት ነበር።

ስንቃችንን ሳንቀምስ መውረድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ልጄ «እየመጣች ነው» አለች። ዞር ብንል እውነት ነው። ሰው ሲያይ ገደል የሚዘለው እንስሳ፣ አባባ በጥበቃ ዘመናቸው ሁሉ በቅርብ ርቀት ሊያዩት በሆዳቸው ይሳቡ የነበረው እንስሳ፣ ከኋላችን ኮቴዋን እያንኳኳች ትከተለናለች። ስንቆም ትቆማለች። ስንሄድ ትሄዳለች። አንዴ ልትጮህ አፏን ከፍታ ቀጭን ድምፅ አወጣች። ልጄ ዓይኗ በርቶ «ወዳናለች! ቤት እንውሰዳት፣ እኔ አበላታለሁ፣ ከእኔ ጋር ትተኛለች» ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ የምትከተለው እየተነፈሰ የሚሄድ ነገር ስላጣች ነው። ማንም ይሁን፣ አብሯት የሚሄድ ብቻ ይሁን።

አባባ ቆሙ። «ሂጂ» አሏት በለሆሳስ። እሷ ጆሮዋን አቆመች፣ አልሄደችም። «ሂጂ! ታች ሰው አለ፣ ውሻ አለ!» ብለው ጮኹ። አንድ እርምጃ ቀረበች። ያን ጊዜ አባባ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ።

አዳኝ ሲያሯሩጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወጥመድ ሲነቅሉ እጃቸው የቆሰለ ሰው ናቸው። በዚያ ጠባሳ ባለበት እጃቸው ድንጋይ ወረወሩባት። የመጀመሪያው አጠገቧ ወደቀ፤ ደነገጠች እንጂ አልሸሸችም። ሁለተኛው ጎኗን መታት፤ ድው ሲል ሁላችንም ሰማን። ዘላ ቋጥኙ ላይ ወጣችና ከዚያ ሆና አየችን። ልጄ እሪ ብላ አባባን በጡጫ ጭናቸውን መታቻቸው። «ምን አደረገችህ? ምን አደረገችህ?» አለቻቸው፤ ሁልጊዜ አንቱ የምትላቸውን ሰው። እሳቸው አልተቆጧትም። ሦስተኛ ድንጋይ ይዘው ነበር፤ እሱን እንደያዙ ኬላው ድረስ ወረዱ። ጋቢናው ውስጥ ሲቀመጡ ባለቤቴ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈቶ ነው የወሰደላቸው።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ማንንም ሳያማክር አንድ ነገር ጀመረ። በዕረፍት ቀኑ ጀሪካን በጀርባው አዝሎ፣ ልጄን አስከትሎ፣ ምንጩ ድረስ ይወጣና ጭቃው ላይ በዘረጋው ሸራ ውስጥ ለፍየሏ ውሃ ያፈስላታል። ሲመለሱ አባባ በር ላይ ቆመው «ጠጥታለች?» ይላሉ። አንድ ቀን ቆቆቹ ሲጠጡ አዩ። አንድ ቀን ቀበሮዋን። አንድ ቀን ግን የእሷ ኮቴ ሸራው ዳር ታትሞ አገኙ፤ ያን ዕለት አባባ ሁለት ጊዜ እንዴት ያለ ኮቴ እንደሆነ አስነገሯቸው። በማግስቱ የጥበቃ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። አብሬያቸው ሄድኩ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንባል ዋልን፤ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከሌላ ተራራ አንድ አውራ ተይዞ እንዲመጣላት። በመጨረሻ አንዲት ኃላፊ ወንበር ሰጥታቸው እሷ ቆማ «አባቴ፣ የሌሎቹ ተራሮች ፍየሎች ከእርስዎ ተራራ ቀድመው ነው ያለቁት። የት ሄደን እናምጣልዎት?» አለቻቸው። አመስግነዋት ወጡ። መንገድ ላይ ካፖርታቸውን አውልቀው እኔን አሸከሙኝ፤ ሞቀኝ ብለው።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቦቴው ያለ ሰዓቱ ደጃፋችን ቆመ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ባለቤቴ ሲገባ ፊቱን አይቼ ሰው የሞተ መሰለኝ። «ጉድጓዱ ጋ ወርዳ ነበር» አለኝ። ቦቴዎቹ ሲሞሉ የሚፈሰው ውሃ ያቆረ ኩሬ አለ፤ እሱን ልትጠጣ መጥታ ወይም የሰውና የመኪና ድምፅ ሰምታ እንደሆነ ማን ያውቃል። የጉድጓዱ ዘበኞች ውሾች ናቸው ያገኟት። እሱ ሲደርስ ገና ትተነፍስ ነበር አለኝ።

አባባ ከውስጥ ሰምተዋል። ዱላቸውን ይዘው ወጡና «የት አደረግሃት?» አሉት። በሸራ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ አስቀምጧታል። «ወደ ላይ እንውሰዳት» አሉ። ጎረቤት አንዱ «አባባ፣ እዚሁ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበራት» ቢላቸው «አይሆንም። የጥንብ አንሳዎቹን ድርሻ መሬት ውስጥ አልቀብርም፤ እነሱም የተራራው ናቸው» አሉት። ባለቤቴ በትከሻው ተሸከማት። አባባና እሱ ያን መንገድ ወጡት፤ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ከምንጩ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋደማት። ራቅ ብለን ተቀመጥን። መጀመሪያ አንዱ ጥንብ አንሳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከላይ ዞረ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ክንፋቸው እንደ ምንጣፍ እየተራገፈ ወረዱ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አባባ ወፎቹ እስኪጨርሱ አዩ። ሲነሱ «አሁን ኬላው ተዘጋ» አሉ። ስንወርድ ሽኮኮው ሲያፏጭ እንኳ ቀና አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጡም፣ ወንድሜ። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ ያልኩህ እውነት ነው፤ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነው ግን። ወንበሩን ራሳቸው ነው ያዞሩት። ምግብ ሲቀርብላቸው ይቀምሳሉ፤ ለእኛ ሲሉ። ሐኪም መጥቶ አይቷቸው «ምንም በሽታ አላገኘሁባቸውም» ብሎን ሄደ። እማዬ በየቀኑ ጠዋት ትከሻቸውን ትይዝና «ተነስ፣ ወደ ተራራህ ሂድ! ሂድልኝ እባክህ!» ትላለች። ሲሄዱባት ስትናደድ የኖረች ሴት፣ አሁን እንዲሄዱላት ትለምናለች። እሳቸው «ምን ልሠራ?» ብቻ ነው የሚሏት። ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ አግኝቻታለሁ፤ «ጭሱ ነው» አለችኝ፤ እሳት አልነበረም።

ባለቤቴ አንድ ቀን ፊታቸው ተንበርክኮ «አባባ፣ ይህን ሥራ ልተወው» አላቸው። «ብትተወው ሌላ ሾፌር ይነዳዋል» አሉት። «ሰዉስ ምን ይጠጣ? ይህቺስ ልጅ?» ብለው ሊያጽናኑት ራሱን ዳበሱት። እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያንን ውሃ በብርጭቆ አጠገቤ አድርጌ ነው። ስለዚህ ጠዋት ይነሳል፣ ቦቴውን ያስነሳል፣ ይሄዳል። ቀልዱ ግን አብሮት አይሄድም። ሰፈር ሲገባ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ሲሯሯጥለት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀዳላቸው፤ ጎረቤቶች «ባልሽን ምን ነካው?» ይሉኛል።

ልጄ አባባን ይቅርታ ጠይቃቸዋለች። ማንም ሳይላት ሄዳ ጭናቸው ላይ ተቀመጠችና «ድንጋዩን ለምን እንደወረወሩ አሁን ገባኝ» አለቻቸው። አባባ ያን ዕለት ብቻ ነው ያለቀሱት። እሷ ግን ከዚያ በኋላ መጠየቅ ትታለች። እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብላ ታያለች። «ጥያቄ!» ብዬ ስጠራት ዞር ትላለች፤ ስሙ ግን አሁን የሌላ ሰው ስም ይመስለኛል።

ና ብዬ አልጠራህም። የመኖሪያ ወረቀትህን ነገርና የሥራህን ነገር አውቃለሁ፤ ብትመጣስ የምታደርገው ምን አለ? «ይሻላቸዋል፣ ጊዜ ይፈውሰዋል» ብዬ ልዋሽህም አልፈልግም፤ በስልኩ የዋሸሁህ ይበቃል። አሁን እውነቱን ከእኔ ጋር የሚሸከም አንድ ሰው ስላስፈለገኝ ነው የጻፍኩልህ። ስትደውል እንደ ወትሮው ስለ አየሩና ስለ ጀርባህ አውራቸው። ስለ ተራራው አትጠይቃቸው።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። እማዬ ግንባርህን፣ ዓይንህን፣ ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች፤ ሚስትህንም «ልጄን በደንብ ያዥልኝ፣ ደግሞ እግርሽን ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪ» በያት ብላለች። ባለቤቴ እጅ ነስቷል፤ ስለ እሱ ከጻፍኩት ላይ ምንም እንዳታነሳበት። ልጄ ለአክስቷና ለልጆቹ ሁሉ ሰላም ብላለች፤ ለትንሿ የላከችው የእንሽላሊት ሥዕል ከደብዳቤው ጋር ታጥፏል፤ ራሱን ብቻ ነው ቀለም የቀባችው። ትልቁን ልጅህን ትከሻውን ምታልኝ፤ አጎቱ ሾፌሩ «ቁመትህን ቀንስ» ይልሃል በለው። ባለቤትህን እንደ እህቴ እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ።

አባባንም «ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ምን ልበልልዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለልጆቹ በስልክ ስለ ፍየሎቹ የነገርኳቸው ሁሉ ተረት ነበር በይልኝ» አሉ። «አድገው መጥተው እንዳይፈልጓቸው።»

ስለዚህ እባክህ፣ ተረት ነበር ብለህ ንገራቸው።

የምትወድህ እህትህ

ከተራራው ግርጌ፣ ከአባባ ቤት
የካቲት ፱ ቀን